የአቶ ገሠሠ ቀረሮ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የምሄድበት የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ የሚገፋ ሰው ፍለጋ ሲሄድ እኔ ዝናቡን ለመጠለል መንገድ ዳር ወዳለ የቡና ማሳ ገባሁ። ማሳው የአቶ ገሠሠ ነበር፤ ከጎጃም መጥተው እዚያ ቡና ሲያለሙ ያረጁ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው፣ «እንኳን መጡ፤ እርስዎም ይፍረዱን» አሉኝ።

የሚያከራክራቸው ማሳው መካከል የቆመ አንድ የቀረሮ ዛፍ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም። ጫፉ ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ሌላ ተክል በቅሏል፤ ከሥሩ በኩል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አቶ ገሠሠ ሊያስቆርጡት መጋዝ የሚስቡ ሁለት ሰዎች ቀጥረዋል። ከመጋዙ ፊት ቆማ የምትለምነው ደግሞ ንጋቷ የምትባል ወጣት የደን ባለሙያ ነበረች።

ሽማግሌው በከንቱ አልተነሡም። ባለፈው መኸር ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከዛፉ ሥር ቡና ሲያሰጡ፣ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ወድቆ ትከሻቸውን ሰብሯቸዋል። ክንዳቸው ዛሬም በቅጡ አይነሣም።

«ልጄ፣ ዛፉን እንደምትወጂው አያለሁ» አሏት። «ነገር ግን አርጅቷል፤ ውስጡም ባዶ ነው። ቤተሰቤ ላይ እስኪወድቅ ልጠብቅ?»

«ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፣ አባቴ። ጉዳት ያደረሰው ግን የደረቀው ቅርንጫፍ ነው። የቀረውን ደረቅ እናውርደው፤ ማስጫውንም ከሥሩ እናርቀው። ዛፍ የሚኖረው ከቅርፊቱ ሥር ባለው እንጨት ነው፤ መካከሉ ቢበሰብስም አይሞትም። የጌጫን ደጋ ቀርከሃ ያውቁታል፤ ባዶ ስለሆነ ነፋስ ይጥለዋል?»

«ቀርከሃ ቀላል ነው።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህም ዙሪያውን እያንኳኳሁ መርምሬዋለሁ። ያልበሰበሰው እንጨት ወፍራም ነው፤ ሥሩም አልላላም። ላልቶ ቢሆን ኖሮ ቁረጡት የምለው እኔ ነበርኩ።»

እኔ ይህን ስሰማ ወጣቷን አደነቅኋት። ትምህርቷን ሽማግሌ ለማሳፈር አላዋለችውም።

አቶ ገሠሠ በቦታው ሌላ እተክላለሁ አሉ። እርሷም፣ መትከሉ መልካም ቢሆንም ችግኙ እዚህ እስኪደርስ ብዙ ትውልድ እንደሚያልፍ፣ በዛፉ የሚኖሩት ንቦችና ወፎች ግን ያን ያህል እንደማይጠብቁ፣ ጥላ ያጣው ቡናም በፀሐይ እንደሚጠወልግ አስረዳቻቸው። ቀዳዳውና የደረቀው ቅርንጫፍ የዛፍ ሽበት እንጂ በሽታ እንዳልሆነም ነገረቻቸው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከቤት ወጥተው መጡ።

«እኔም ተቀይሜው ነበር» አሉ። «የደረቀው ይውረድ። ሌላው ምን አደረገኝ?»

አቶ ገሠሠ ዛፉን ቀስ ብለው ዞሩት። በመጨረሻ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው፣ «እርጅናውን ብቻ ነበር ያየሁት» አሉ፤ መጋዝ ሳቢዎቹም በገመድ ወጥተው የደረቀውን ብቻ እንዲያወርዱ አዘዙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ሳልፍ ቀረሮው እንደ ቆመ ነበር። ከጥላው ሥር ቡናው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አፍርቷል፤ ከግንዱ ማር ይቆረጣል፤ ማስጫው ርቆ ስለተሠራ ከሥሩ የሚቀመጥ የለም። ገበሬ ማኅበሩም ባለሙያ ሳያየው ያረጀ ዛፍ እንዳይቆረጥ ወስኗል። ጉዳዩን በስብሰባ አንሥተው የተከራከሩት ራሳቸው አቶ ገሠሠ ናቸው። አሁን ከንጋቷ ጋር በየሰፈሩ እየዞሩ ያረጁትን ዛፎች ይለያሉ፤ ለጎረቤትም ከዛፉ የሚያሰጋው የቱ እንደሆነ፣ ሊነካ የማይገባውም የቱ እንደሆነ ያሳያሉ።

የእርሳቸው ቀረሮ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አላውቀውም» አሉኝ። «እኔ ጎልማሳ ሆኜ ስመጣ እርሱ ሽማግሌ ነበር። እኔ ካለፍኩም በኋላ ሰው ይጠለልበታል።»