ግድግዳውን ያለፈው ብሎን

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጉለሌ፣ ከእማማ ዘነበች ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ በምንጋራባት የቀበሌ ቤት። ባለቤቴ የድስት መደርደሪያ ስቀልልኝ ብትለኝ ጦር የሚያህል ብሎን ገዝቼ መጣሁ።

«አንተ ሰው፣ ጭቃ እኮ መጀመሪያ በቀጭኑ ተበስቶ የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ ከዚያ አጭር ብሎን ይበቃዋል» አለችኝ።

«ውታፍ ለጠርሙስ ነው» ብዬ ካቻቪቴዬን ማዞር ጀመርኩ። ያን ቀን እንጦጦ ራሱ ሳይነቃነቅ አልቀረም።

መደርደሪያው ተሰቀለ፤ የብሎኑ ጫፍ ግን እማማ ዘነበች ቤት ብቅ አለ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ከሰው ብዙም አያወሩም። ይቅርታ ልጠይቅ አንገቴን ደፍቼ ስገባ፣ የልጃቸውን ኮት ብሎኑ ላይ ሰቅለው እጅጌውን ያቃናሉ።

«አሁኑኑ እነቅልልዎታለሁ፣ እማማ።»

«ተው፣ እንዳትነካው ልጄ። ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ሳየው የሟች ልብስ እየመሰለኝ ስጨነቅ ነበር። አሁን ግን ለብሶት ሊወጣ ይመስላል።»

ተመልሼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ድስቶቿን አንድ በአንድ አወረደች፤ ከዚያ መደርደሪያውን እንድፈታው ካቻቪቴውን አቀበለችኝ።

«ብሎኑን ተወው» አለች፣ «እናት ልጇን በምትጠብቅበት ላይ ድስት አንጭንም።»