አምስት አዲስ፣ አንድ የሟች

አቶ ገሰሰ በወረታ ከተማ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ባጃጅ ሲጠብቁ ያ ዶፍ ባይወርድ ኖሮ ሳዲቅ ሱቅ ባልገቡ ነበር። ሳዲቅ መካኒክነት ተምሮ የመጣ ወጣት የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው የለመዱትን ከሚተዉ ቢሞቱ የሚሻላቸው፣ የአንድ አሮጌ የሩዝ ጭነት መኪና ባለቤት። ከብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ፒስተን አወጡ።

«ሞተሩ ባለ ስድስት ነው። አምስት አዲስ ስጠኝ፤ ስድስተኛዋ ይቺው ናት» አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ አንዷን ሰሰቷት?»

«ደሞዝ የሚባለው የሟቹ ልጄ ናት፤ ነፍሱን ይማረውና። ሹፌር ሲሞት አንዷ ፒስተን ለተተኪው ትቀራለች፤ መኪናው ሟቹን እንዳይረሳ። አሁን የምትነዳው እህቱ ንጋት ናት።»

ሳዲቅ ተቀብሏት ደንገጥ አለ። ብረቷ ትሞቃለች።

«በብብትዎ ይዘዋት ስለቆዩ ይሆናል» አለ። እንዳላመነበት ግን አቶ ገሰሰ ከፊቱ አነበቡ።

ሚዛን ላይ አስቀመጣት። «ይመልከቱ፣ ከአዲሷ ትከብዳለች። ስድስቱም የሚያዞሩት አንድ ዘንግ ነው። አንዷ ከከበደች ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆይ ዳገት ላይ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑም አይታዘዝም።»

«ደሞዝም ይንቀጠቀጣል ይል ነበር። እኛ ግን ‹ባምላክ ነው፣ ሰላም እያለህ ነው› አልነው።»

«ባምላክ ማን ነው?»

«ከደሞዝ በፊት የነዳው። ፒስተኗ የእሱ ነበረች።»

«እሱስ የት ሞተ?»

አቶ ገሰሰ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ውጭ ሜዳው ውሃ ለብሶ መንገዱ የት እንደሚያልቅ አይለይም።

«ደሞዝ የሞተበት፣ እዚያው ዳገት ላይ» አሉ በመጨረሻ።

እኛ የፎገራ ሰዎች ሟች ስናከብር ለከት የለንም፤ በሕያው ግን አንዳንዴ እንጨክናለን።

«ስድስቱንም እኩል የሚመዝኑ ይውሰዱ» አለ ሳዲቅ ዝግ ብሎ። «ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ጭሱ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል። ንጋትም ደኅና ወጥታ ደኅና ትገባለች።»

«ደሞዝስ አይከፋውም?»

«እህቱን ይወዳት ነበር?»

«እንደ ዓይኑ ብሌን!»

«እንግዲያው ምን ይከፋዋል?»

ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ስድስቱንም አስጠቀለሉ። ወዲያውም ለንጋት ደወሉ።

«ልጄ፣ ሁሉንም አዲስ ገዛሁ። የወንድምሽ አትገባም።»

ንጋት ስታለቅስ ሰሟት።

«ተመስገን አባቴ» አለች። «እኔማ ስሞት ፒስተኗን ለታናሻችን ለባየህ ስጡልኝ ብዬ ለእናቴ ተናዝዤ ነበር።»