እትዬ ምንማለትነው እና በግቢያቸው የተቀበረችው ቦርሳ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ የሟች ታናሽ ወንድም ስሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር በአንድ የኅትመት ጠረጴዛ ላይ ስለሠራሁ አንዳንድ ቦታ ላይ ብማረር አትፍረዱብኝ።

እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ስለነበር የሰፈሩ ሰው «ምንማለትነው» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው። በሰባት ዓመታቸው የኮት ገበር ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ሲሉ የደንበኛ አዲስ ኮት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርትረው ሲገኙ፣ አባታችን ከመቆጣት ይልቅ መርፌና ክር ሰጥተው ራሳቸው መልሰው እንዲሰፉት አደረጉ። እውነቱን ለመናገር ኮቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቁ ሲሆን፣ አንዱ መምህራቸው በሪፖርት ካርዳቸው ላይ «ጎበዝ ናት፤ ግን በጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ትጨርስብናለች» ብለው መጻፋቸው ይታወሳል። ከዚያም በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው ሲሠሩ ከማሽን ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ መልስ መስጠት የማይሰለቻቸው ብቸኛው ወንድ እሳቸው ነበሩና። ሴትና ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል። ቆየት ብለውም የድርጅቶችን ስም በቦርሳ፣ በእስክሪብቶና በኩባያ ላይ የምናትምበትን ሱቅ ከፈቱ፤ እኔንም ከሥራ ፈትነት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙኝ።

ደንበኞች ሁሉ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሆነ ስጦታ መጠየቅ በጀመሩበት ሰሞን፣ አቅራቢዎች አረንጓዴ ቅጠል የተሣለባቸው ናሙናዎች ይልኩልን ጀመር። እኔ ቅጠሉን አይቼ አምኜ ነበር፤ እሳቸው ግን ስልክ አንስተው ተስማሚ የሚሆነው በምን እንደሆነ፣ «ይበሰብሳል» ከተባለም በስንት ወር፣ በግቢ አፈር ነው ወይስ ልዩ ሙቀት ባለው ፋብሪካ ውስጥ ብለው ይጠይቁ ነበር። ከአሮጌ ፕላስቲክ ተሠራ የተባለው እስክሪብቶ ምን ያህሉ አሮጌ እንደሆነ፣ ከተጣለ በኋላ መልሶ መሥራት ይቻላል የተባለውንም ኩባያ በእኛ ከተማ ማን ተቀብሎ እንደሚሠራው ሳያውቁ አያዝዙም ነበር። አንዱ አቅራቢ በመጨረሻ ድምፃቸውን ሲሰማ ስልኩን ይዘጋ ጀመር፤ እኔም በሆዴ አልፈረድኩበትም።

መልስ ሲያጡ ናሙናውን በሱቁ ጓሮ ቀብረው፣ ቀኑን የጻፉበት እንጨት ይተክሉበት ጀመር። ጎረቤቶች ድመት የሞተችብን መስሏቸው አዝነውልናል። ከዓመት በኋላ ሲቆፈር፣ ባለ ቅጠሉ ከረጢት ልክ እንደተቀበረ ወጣ፤ ታጥቦ ቢሰቀል ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የጥጥ ጨርቅ መርጠው፣ ሦስት ሺህ ቦርሳ ላዘዘን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት «ይህ ቦርሳ በግቢ አፈር ውስጥ በዓመት ይበሰብሳል» ብለው በፊርማቸው አረጋገጡ፤ አንዱንም እንደ ልማዳቸው ቀበሩ።

ዓመቱ ሲሞላ ጨርቁ የለም፤ ክሩ ግን አለ። የተሰፋበት ክር ፕላስቲክ ስለነበር የቦርሳውን ቅርጽ እንደያዘ ከነማንገቻው ወጣ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነው ክር መርሳታቸው እንዴት እንዳንገበገባቸው የማውቀው እኔ ነኝ። ማንም ቆፍሮ አያይም፣ ዝም በሉ ብዬ እግራቸው ላይ ብወድቅም፣ ክሩን በወረቀት ጠቅልለው ሄደው በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ዘረገፉት። ሥራ አስኪያጁም ለሁለተኛ ጊዜ ሰጥተውን የነበረውን ትእዛዝ ሰርዘው፣ እውነት የሚበሰብስ ቦርሳ ስትይዙ ተመለሱ ብለው ሸኟቸው። ግማሽ ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጥን። ሁለት ሳምንት እንዳኮረፍኳቸው ዛሬ በእናንተ ፊት እናዘዛለሁ።

እሳቸው ግን የጥጥ ክር አፈላልገው፣ አዲሷን ቦርሳ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ባለፈው ዓመት ቀበሯት። የኩላሊት ሕመም በጸናባቸውም ጊዜ፣ ሐኪሙ የት እንደሚያማቸው ሲጠይቃቸው እሳቸው የመድኃኒቱን ስም ትርጉም ይጠይቁት ነበር፤ እኛን ደግሞ ዝናብ ጓሮው ድረስ መድረሱን። ሴት ልጃቸው መሞቻቸው መቃረቡን አይታ ቦርሳዋን ቀድማ ልታወጣላቸው ብትለምናቸው፣ ቀኑ ሳይሞላ የታየ ነገር አልታየም ብለው ከለከሏት። ቀኑ ትናንት ነበር። እሳቸው ከትናንት ወዲያ ዐረፉ።

ትናንት ጠዋት ባለቤታቸው ቆፈሩ፣ ልጃቸው አፈሩን በወንፊት ነፋች፣ እኔም እንጨቱን ያዝኩ። ጨርቅ የለም። ክርም የለም። ደግመን ነፋን፤ ከትል በቀር ምንም አላገኘንም። ባለቤታቸው ሳቃቸውን ለቀቁትና ወዲያው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ከመካከላችን ስላሉ እነግራቸዋለሁ፤ እህቴ ቦርሳውን ይዘዋል።

የፕላስቲክ አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ አትሸማቀቁ፤ ብቻ እትዬ ቢኖሩ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቋችሁ አይቀሩም ነበር።

እህታችን በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እንደ አያቷ ጠያቂ የሆነችውን የልጅ ልጃቸውንና ከእንግዲህ የሚጨቀጭቀው ያጣውን እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እድሜያቸውን ሙሉ የጠየቁትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ፣ አጠገቡ አስቀምጦ አንድ በአንድ ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን፤ አሜን። እኔም፣ እትዬ፣ ደግሜ ነፍቻለሁ። ምንም የለም።