እማማ ይበለኝ

ወደ ቦሌ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ ሳለ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ።

«አንተ ሶቪየት ተምሬ መጣሁ ካልክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ ዛሬ ከዚያ ይገባል፤ የአራት ዓመት ልጁንም ይዞ። እናቱ የጆርጂያ ሰው ናት። እኔን ምን ብሎ ይጠራኝ ይሆን?»

«በጆርጂያ ቋንቋ አያት ‹ቤቢያ› ትባላለች፣ እማማ።»

«ወዲያ! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ እያለኝ፣ የገዛ ደሜ ቤቢያ ይበለኝ?»

«ችግሩ እሱ ነው። ሞስኮ ላይ ‹ማማ› እናት ናት፤ በጆርጂያ ቋንቋ ግን ‹ማማ› ማለት አባት ነው።»

«ምን ጉድ ነው! እናቱንስ ታዲያ ምን ይላታል?»

«ዴዳ።»

«ዲዳ? ምነው፣ ምን በደለቻቸው?»

«ዴዳ ነው ያልኩት!» አለ ጎልማሳው እየሳቀ። «እርስዎ ግን እማማ በለኝ ቢሉት፣ አባትህ ነኝ ያሉት ይመስለዋል።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይምሰለዋ። ልጄ ገና ዳዴ ሲል ነው ባሌ የሞተብኝ፤ እናትም አባትም ሆኜ ነው ያሳደግሁት።»

መውረጃዬ ደርሶ ሳለ፣ ወራጅ አለ ሳልል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አብሬአቸው ተጓዝሁ።