«ይህን ማን አለ?»

የመመረቂያ ጥናቴን አማካሪዬ ሲመልሱልኝ፣ በጣም በኮራሁበት አንቀጽ አጠገብ «ይህን ማን አለ?» ብለው በቀይ ጽፈውበታል። የመጻሕፍቱንማ ምንጭ አንድ ሳላስቀር ጠቅሻለሁ! ያ አንቀጽ ግን ብርድ ስለሚችል እንሰት የገረሴው ገበሬ ጋሽ ማሞ ያጫወቱኝ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ምን ምንጭ ያስፈልገዋል ብዬ የራሴ አስመስዬዋለሁ።

ከምማርበት ከአርባ ምንጭ እንደገና ወደ ደጋው ገረሴ ወጣሁ። «ጋሽ ማሞ፣ ስምዎን ልጽፍ ነው» አልኳቸው፣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ።

«ተው ልጄ! እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ እኔ መች ፍቄ አውቃለሁ? የነገረችኝ አማረች ናት፤ እሷን ጻፍ» አሉና ባለቤታቸውን ጠሩ።

እትዬ አማረች እጃቸውን እየጠራረጉ መጥተው ጉዳዩን ሲሰሙ ቆጣ አሉ። «እኔስ ከየት አመጣሁት? ያሳዩኝ አማቴ፣ የሱ እናት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። የሳቸውን ስም ካልጻፍክ የኔንም አትጻፍ!»

ኩምሽሽ አልኩ። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ፣ «እትዬ አማረች አማታቸውን ጠቅሰው እንደነገሩኝ» ብዬ ከነስማቸው ጻፍኩ።

አማካሪዬ አንብበው ፈገግ አሉ። «ምንጭ እንዲህ መጥቀስ ከየት ተማርክ?»

ይቺን እንኳ የራሴ አላስመሰልኳትም። «ከእትዬ አማረች» አልኳቸው።