የአስራ ሦስተኛው ወር ሒሳብ

እንደምን ዋላችሁ። ማይኩ ኋላ ድረስ ይሰማል? ጥሩ። እትዬ ማንያህልሻል ባይሰሙኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ የጡረታ መሸኛቸው ነውና ፊት ለፊቴ አስቀመጧቸው።

እትዬ ቢሯችን የገቡት በፈረንጆቹ 1998፣ በጃንዋሪ ነው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታሪኩን የነገሩኝ ዳውንታውን መኪና የምናቆምበት ጋራዥ የሚሠሩት ጋሼ ጀማነህ ናቸው፤ ያውና፣ ጥብሱ አጠገብ የተቀመጡት። ውጪው በረዶ ነው፣ ሕንፃው ውስጥ ግን ሙቀቱ ከመጠን በላይ ሆኖ ሰው በሸሚዝ ይሠራል፣ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። እትዬ ገና ጠረጴዛቸውን ሳያገኙ የሂተሩን ማጥፊያ አገኙት። ጠቅ። እስከ ምሳ ሰዓት ፎቁ በሙሉ ኮቱን ለበሰ። አለቃው ወጥቶ "ማነው ያጠፋው?" ሲል እጃቸውን አወጡ። "እኔ ነኝ። ታክስ ከፋይ ነኝ" አሉት። ለኦሃዮ ገና አንድ ሳንቲም አልከፈሉም፤ ከአትላንታ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው።

ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። "ወርቅነህ፣ ንግግር ታደርጋለህ አሉ። እንደፈለግክ ቀልድብኝ፤ የማርቹን ስህተት ግን እንዳታነሳ።"

"እሺ እትዬ።"

"ማልልኝ።"

"ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ አልማልኩም፤ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ግን የተፈቀደልኝን ልቀልድ።

ሥራችንን ለማታውቁ ቤተሰቦች ልንገራችሁ። ሕግ አውጪዎቹ ስለ ግብር፣ ስለ መብራት፣ ስለ አየር ብክለት አዲስ ሕግ ሲያረቅቁ፣ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ለሕዝቡና ለስቴቱ ስንት እንደሚያስወጣ አስልተን የምንሰጣቸው እኛ ነን። ሌሎቻችን የምናሰላው ኮምፒውተር ላይ ነው። እትዬ ማንያህልሻል የሚያሰሉት እናንተ ቤት ነው።

የልጄ ክርስትና ዕለት ዋይትሆል ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን መጡ። ልጁን ሳሙት፣ መረቁት፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ፍሪጁ። ውሃ የጠማቸው መስሎን ሚስቴ ብርጭቆ ይዛ ተከተለቻቸው። የፈለጉት ግን ፍሪጁ ላይ የለጠፍነውን የመብራት ቢል ነው።

"ወርቅነህ፣ ይቺ አራተኛዋ መስመር ምንድን ናት?"

"እንጃ እትዬ።"

"ሳታውቃት ነው በየወሩ የምትከፍላት?"

ቄሱ ማዕዱን ሊባርኩ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ቢሉን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። እስኪ እዚህ ቢሉ ፎቶ ያልተነሳበት ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ጋሼ ጀማነህ ብቻ። እሳቸውም እትዬ ሲመጡ ሶፋ ሥር ስለሚደብቁት ነው።

ደግሞ ቀይ እስክሪብቷቸው አለ። አንድ ጊዜ "ሕጉ በቤተሰቦች ላይ የሚያመጣው ጫና አነስተኛ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ "ለማን?"

"በአማካይ ነዋ እትዬ" አልኳቸው።

"በጋዝ የሚሞቅ ቪላ ያለው ሰውና በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አፓርትመንት የተከራየ ሰው አንድ ናቸው? ይሄ አማካይ የምትለው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? አድራሻውን ስጠኝና ሄጄ ልጠይቀው።"

ነገሩ ቤቴ ድረስ ገባ። ሚስቴን "ትንሽ ነው የምቆየው" ስላት "ለማን?" ትለኛለች።

እሺ፣ ወደ ማርቹ ልምጣ። እትዬ፣ እንደዚህ አይዩኝ።

ባለፈው ዓመት ነው፣ በኮሮና ምክንያት ሁላችን ከቤት በምንሠራበት ጊዜ። ያረጁ የኃይል ማመንጫዎች እንዳይዘጉ በየቤቱ የመብራት ቢል ላይ በየወሩ ትንሽ ይጨመር የሚል ረቂቅ መጣ። አንዱ ወገን የሠራተኛው እንጀራ ይተርፋል ይላል፤ ሌላው የፀሐይና የነፋሱ ሥራ ይሞታል ይላል። እኛ በዓመት ስንት እንደሚሆን አስልተን ላክን። ስብሰባው ላይ አንዱ እንደራሴ በስልኩ አባዝቶ "የእናንተ ዓመት ስንት ወር ነው?" አለ። ወርሃዊው ክፍያ የተባዛው በአስራ ሦስት ነበር።

አዳራሹ ሳቀ። እትዬ ማስካቸውን አስተካክለው ተነሱና "ባደግኩበት አገር ዓመቱ አስራ ሦስት ወር ነው፣ እጄ ለምዶበት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሐበሾቹ "እትዬ ጳጉሜ" እያልን ስንስቅባቸው ከረምን። ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ነገር ግን የክፍል ኃላፊነቱ በዚያ ወር ለእሳቸው ሊሰጥ ነበር። ዶሴያቸው ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ፣ ቦታው ለባልደረባችን ለኸይሪያ ተሰጠ። ኸይሪያ፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም።

ያን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አዎ ሉሉ፣ እናትሽ አይደሉም። ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት የኤክሴል ሠንጠረዥ አስራ ሦስት ረድፍ ነበረው። የወሮቹን ስም ቀየርኩና የመጨረሻዋን ረድፍ ማጥፋት ረሳሁ። አገር ቤት እንኳ ለጳጉሜ ደመወዝ አይከፈልም፤ እኔ የኦሃዮን ሕዝብ አስከፈልኩት።

ከስብሰባው እንደወጡ ደወልኩላቸው። "እትዬ፣ የእኔ ስህተት ነው፣ ልናገር" አልኩ።

"ሥራ ከጀመርክ ስንት ወርህ ነው?"

"አራት።" የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነው።

"ልጅህስ?"

"ሃያ ቀኑ።"

"የልጁ የሕክምና ኢንሹራንስ በማን ሥራ ነው?"

"በእኔ።"

"እንግዲያው ዝም በል" ብለው ዘጉት።

ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ በኋላም ዝም አልኩ። ያኛው የእርስዎ ትእዛዝ አልነበረም፣ የእኔ ፍርሃት ነው። አፍሬበታለሁ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ።

ላልሰማችሁ፣ አሁን "ባለጌ" ነው ያሉኝ። ሉሉ፣ ለእናትሽ ሶፍት አቀብያቸው።

ኸይሪያ፣ ኢሜይልሽን ቼክ አድርጊ። ጥብሱ ሲቀርብ ልኬልሻለሁ፤ ሠንጠረዡ ከነስሜና ከነቀኑ አታች ተደርጓል። ያ ደብዳቤ ከእትዬ ዶሴ ይውጣና ወደ እኔ ይዛወር። ሰኞ ብታስጠሪኝ እመጣለሁ። ብቻ ምሳዬን ልጨርስ።

እትዬ፣ ስለ ልጄ አመሰግናለሁ። ያን ክረምት ታሞብን ሆስፒታል ስንመላለስ የኢንሹራንስ ካርዱ የሠራልን በእርስዎ ነው። ዋይትሆል ውስጥ ቢሉን ፈርተው ሂተር አጥፍተው ብርድ ልብስ የሚደርቡ ሰዎችም አሉ፤ እነሱን ሪፖርት ውስጥ ያስገባቸው የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ነው። እነሱ ይህን አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን።

በሉ እንነሳ። ኸይሪያ ማንጎ ጁስሽን አንሺ፤ ጋሼ ጀማነህ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማልጠይቀውን ብርጭቆዎን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት፣ የሚሄዱበት ቤት ሁሉ ቢል አሳይቶ የሚያበላዎት ሰው ይስጥዎት። ሃያ አራት ዓመት ሠርተው አንድም ሒሳብ ላልተሳሳቱት፣ ለእትዬ ማንያህልሻል።