መጋረጃ ያለው ሥዕል

በደርግ ጊዜ ነው። በሞጣ ቀበሌ አዳራሽ የብር ጌጥና የሥዕል ኤግዚቢሽን አይቼ በአውቶቡስ ወደ ቢቸና ስመለስ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ወጣት መምህር ያወራሉ።

«እማማ፣ ኤግዚቢሽኑን እንዴት አዩት?»

«ድሪውም መስቀሉም ያምራል። መጋረጃ ያለውን ሥዕል ግን ጫማዬን አውልቄ ተሳለምኩት።»

«ተሳለሙት?»

«ስለትም ተሳልኩ። ልጄ ከግንባር በደህና ከገባ የአንገቴን ድሪ አመጣለታለሁ።»

«የማን ሥዕል መስሎዎት ነው?»

«እሱን አንተ ንገረኝ። ቀይና ቢጫ እንጂ ፊት አላየሁበትም፤ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»

«ዓይንዎስ ደህና ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ቀለም ብቻ ነው፣ ፊት የለውም። መጋረጃውም ለአቧራ ነው።»

«ውይ! ታዲያ ስለቴን ማን ሰማኝ?»

«እኔ ሰማሁዎት።»

«እንግዲያው ልጄ እስኪገባ አብረኸኝ ትጸልያለህ።»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ! ካድሬ ይሰማናል።»

«በልብህ ጸልይ አልኩህ እንጂ ቀድስ አልኩህ?»

«እሺ። የክርስትና ስሙ ማነው?»

«ጠጋ በል፣ በጆሮህ ልንገርህ።»

በዚያው ሥዕል ፊት ስለ ጉልበቴ ጧፍ የተሳልኩት እኔ ሽማግሌው፣ ጉልበቴን በጋቢዬ ሸፈን አደረግሁት።